የእናታችን ፓስፖርት

ሰው በተወለደበት አገር ሲኖር ማን እንደ ሆነ የሚጠይቀው የለም። አባቱን የሚያውቁ ሽማግሌዎች፥ እናቱን ያዋለዱ አሮጊቶች፥ ክርስትና ያነሡት ካህን በአቅራቢያው ስላሉ፥ ስሙና ዘሩ ዕድሜውም በሰው ሁሉ አፍ ተጽፎ ይኖራል። ከዚያ ቀበሌ ወጥቶ ወደ ሌላ መንግሥት ግዛት መሻገር ያስፈለገው ዕለት ግን፥ ያ ሁሉ ምስክር ተከትሎት ሊሔድ ስለማይችል፥ በእጁ የሚይዘው አንድ ትንሽ ደብተር እንዲመሰክርለት ግድ ይሆናል። ይህም ደብተር ፓስፖርት የሚባለው ነው። እኛም በ2010 ዓ.ም. ይህን ደብተር ለእናታችን ለማውጣት ስንደክም ያየነውንና የተማርነውን ብንጽፍ፥ በገጠር ለሚኖሩም ሆነ በጽሕፈት ቤት ተቀምጠው የገጠርን ሰው ለሚያስተናግዱ ሳይጠቅም አይቀርም ብለን አሰብን።

ቤታችን የሚገኘው በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ ደጋ፥ ከመሐል ሜዳ ከተማ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በሚያስኬድ አንድ ቀበሌ ነው። አገሩ ብርዳም ስለ ሆነ ሰዉ የሚኖረው በገብስና በበግ ነው። ሴቶቹ የበጉን ጠጉር ይፈትላሉ፤ ወንዶቹም ከተፈተለው ባና ይሠራሉ። እናታችንም ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዝርት ከእጃቸው ተለይቶ አያውቅም። ይህ እንዝርት ኋላ ከፓስፖርት ጉዳይ ጋር የሚያገናኘው ነገር እንዳለ በዚያን ጊዜ አላወቅንም ነበር።

ታናሽ እኅታችን ከባልዋ ጋር በናይሮቢ ትኖራለች። በቀበሌያችን ስልክ የሚሰማው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጕብታ ላይ ስለ ሆነ፥ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያ ወጥተን እናነጋግራታለን። በጥቅምት ወር አንድ እሑድ፥ «በጥር እወልዳለሁና እማዬን ላኩልኝ፤ እዚህ አራስ የሚጠይቅ እንጂ የሚያርሰኝ ሰው የለኝም» አለችን። ከዚያ በፊት የመጀመሪያ ልጅዋን በወለደች በሦስተኛው ቀን ቀብራለች። በዚያን ጊዜ አጠገቧ እናትም እኅትም ስላልነበራት፥ ኀዘኗን ለብቻዋ ተቀምጣ እንደ ተወጣችው እናውቃለን። ስለዚህ እናታችን ስልኩን መልሰው ሲሰጡን፥ «እሔዳለሁ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገሩም። እስከዚያ ቀን ድረስ ከደብረ ብርሃን ከተማ አልፈው አያውቁም ነበር።

በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም ነበርና፥ የሚያስፈልገው ፓስፖርት ብቻ ነው ተባልን። «ብቻ» የምትለው ቃል ለመናገር ቀላል ናት። ፓስፖርት ለማውጣት በዚያን ጊዜ የታደሰ የቀበሌ መታወቂያና የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልግ ነበር። መታወቂያውን እናታችን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውታል። የልደት ምስክር ወረቀት የሚባለውን ግን በቀበሌያችን ካሉት ሽማግሌዎች አንድም ያየው ሰው አልነበረም።

ይህ የሆነበት ምክንያት እንዲህ ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደትና ጋብቻ ሞትም በክብር መዝገብ እንዲጻፍ ደንግጎ ነበር። ነገር ግን ስለ መዝገቡ የተነገሩት ድንጋጌዎች ሥራ ላይ የሚውሉበት ቀን በትእዛዝ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪገለጥ ድረስ እንዲቈዩ ያው ሕግ ራሱ ስላዘዘ፥ ነገሩ ከ50 ዓመት በላይ ሲዘገይ ኖረ። ኋላ በ2004 ዓ.ም. ስለ ወሳኝ ኩነት ምዝገባና ስለ ብሔራዊ መታወቂያ ዐዋጅ ቍጥር 760 ወጣ፤ በመላው አገር ምዝገባው የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። እኛ በኅዳር 2010 ዓ.ም. ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት በሔድን ጊዜ እንግዲህ መዝገቡ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ጸሓፊው ትሑት ወጣት ነው። ወንበሩን ለእናታችን ለቅቆ እርሱ ቆሞ፥ «እማማ፥ መቼ ተወለዱ?» ሲል ጠየቃቸው።

«ጃንሆይ ኢዮቤልዩ ባከበሩበት ዓመት፥ በኅዳር ሚካኤል» ብለው መለሱለት።

ወጣቱ ብዕሩን አቆመ። ኢዮቤልዩ ምን እንደ ሆነ አልሰማም፤ መዝገቡም የሚጠይቀው ቀን፥ ወርና ዓመት ነው። የገጠር ሰው ዘመንን የሚቈጥረው እንዲህ ነው። እገሌ የተወለደው በድርቁ ዓመት ነው፤ እገሊት የተዳረችው ወንዙ ድልድዩን በወሰደ በማግሥቱ ነው ይላል እንጂ ቍጥር አይጠራም። ሆኖም አቈጣጠሩ ልማደኛ ነው እንጂ ሐሰተኛ አይደለም። የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የተጫነው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ 25ኛው ዓመት የተከበረው በጥቅምት 1948 ዓ.ም. ነው። ይህን ስንነግረው ጸሓፊው ጥቂት አሰበና፥ «እኔ አምናችኋለሁ፤ መዝገቡ ግን ምስክር ይፈልጋል» አለን።

በሳምንቱ ሦስት ምስክሮች ይዘን ተመለስን። አንደኛዋ የእናታችን የአክስት ልጅ ናቸው፤ በዕድሜ ወደ ስምንት ዓመት ያህል ይበልጧቸዋል። ምርኵዛቸውን ተደግፈው ቆመው እንዲህ ሲሉ መሰከሩ። «አባቷ የኢዮቤልዩን በዓል ሊያዩ ከአገር ሰዎች ጋር ወደ አዲስ አበባ ሔደው ነበር። ሲመለሱ ቤቱ አራስ ቤት ሆኖ ቈያቸው። እኔ በዚያን ጊዜ ጥጃ ጠባቂ ነበርሁ። ከመስኩ ሆኜ ሦስት ጊዜ እልል ሲባል ሰማሁና ሴት መሆኗን ዐወቅሁ፤ ለወንድ ቢሆን ሰባት ጊዜ ነበር። ክርስትናዋም በየካቲት ልደታ ነው፤ ገንፎውን ከሙቀቱ የተነሣ ጣቴን አቃጥሎኛልና አልረሳውም።»

ሁለተኛው ምስክር የአጥቢያው ካህን ነበሩ። የእናታችንን ክርስትና ያነሡት ሌላ ካህን ከሞቱ ዘመን የለውም። እኒህ ካህን ግን የአሮጊቷን ቃል ሲሰሙ ፈገግ አሉና፥ በጣታቸው አንጓ እየቈጠሩ፥ «ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው። ከኅዳር 12 እስከ ኅዳር 30 ድረስ 19 ቀን፤ ታኅሣሥ 30፥ ጥር 30፤ ይህ 79 ይሆናል። የካቲት ልደታ፥ ማለት የካቲት 1 ቀን፥ 80ኛዋ ናት። ልጄ፥ ጻፍ፤ ቃላቸው ከሒሳቡ ጋር ተስማምቷል» አሉት።

በጽሕፈት ቤቱ የነበርነው ሁሉ ዝም አልን። አንዲት እረኛ ልጅ በትኩስ ገንፎ ጣቷን ስለ ተቃጠለች፥ ከ60 ዓመት በኋላ የእናታችን የልደት ቀን ተገኘ። ሦስተኛው ምስክር የሚጨምሩት ስላልነበራቸው ፈረሙ ብቻ። ጸሓፊውም «ኅዳር 12 ቀን 1948 ዓ.ም.» ብሎ ጻፈ። በአውሮፓ አቈጣጠር የሚጽፈውን ሲፈልግ ደግሞ፥ ኅዳር 12 ዘወትር ኖቬምበር 21 ይውላልና ያንኑ ሊያሰፍር ሲል ካህኑ ከለከሉት። 1947 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበረ ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆናለች፤ ስለዚህ በተከተለው በዘመነ ዮሐንስ የፈረንጁ ቀን በአንድ ይገፋል። ትክክለኛውም ኖቬምበር 22 ቀን 1955 ሆነ።

ይህን የመሰለ ወረቀት ይዘን በታኅሣሥ መጀመሪያ ከመሐል ሜዳ ገና ሳይነጋ በአውቶቡስ ተሳፈርን። በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን በኩል እስከ አዲስ አበባ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በማግሥቱ ሰልፍ ይዘን ቈይተን ተራችን ሲደርስ፥ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው ሠራተኛ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ ተመለከተች፤ እንደገናም ተመለከተች። የልደት ምስክሩ 1948 ይላል። ከመቀነት የወጣው መታወቂያ ግን 1940 ይላል።

ይህ የሆነው እንዴት እንደ ሆነ ኋላ ደረስንበት። ከብዙ ዓመት በፊት መታወቂያው በተሰጠ ጊዜ የነበረ ሌላ ጸሓፊ፥ የእናታችንን ሽበትና የፊታቸውን መጨማደድ ዐይቶ በግምት ጽፎታል። የደጋ ብርድና የማገዶ ጢስ ሴትን ከዕድሜዋ በላይ ያስረጃታል። እኛም ማንበብ የምንችል ልጆቻቸው ያን መታወቂያ አንድ ቀን እንኳ ፈትተን አላየነውም፤ ጥፋቱ የጸሓፊው ብቻ ሳይሆን የእኛም ነው።

«እኅቴ፥ እናታችን እኒህ ናቸው፤ ከፊትሽ ቆመዋል» ብለን ብንለምን፥ ሠራተኛይቱ ሳትቈጣ እንዲህ ስትል መለሰችልን። «እኔ እማማን አላውቃቸውም። የማውቀው እነዚህን ሁለት ወረቀቶች ነው፤ እነርሱ ደግሞ አልተስማሙም። አስማምታችሁ ኑ።»

እኛ ተናደን ልንናገር ስንል እናታችን እጃችንን ያዙና፥ «ተዉአት፤ እውነቷን ነው። የማታውቀኝ ልጅ ምን ታድርግ?» አሉን።

በዚያ ቀን ማታ ባደርንበት ሰፈር የደረሰብንን የሰማ አንድ ሰው መጥቶ፥ ሌላ መንገድ እንዳለ ነገረን። ገንዘብ ከከፈልን እስከ ሞያሌ በመኪና፥ ከዚያም በሌሊት በእግር አሻግሮ እናታችንን ናይሮቢ የሚያደርስ ሰው እንደሚያውቅ ገለጠልን። የእኅታችን ቀን እየቀረበ ስለ ነበር ልባችን ጥቂት አላመነታም ብንል ሐሰት ይሆናል። እናታችን ግን ነጠላቸውን አጣፍተው፥ «በጓሮ በር ገብቼ የልጅ ልጄን አላቅፍም። ሌባ እንኳ አራስ ቤት ሲገባ በፊት ለፊት ነው» አሉት። ሰውየውም ተነሥቶ ሔደ።

የመጣንበትን 280 ኪሎ ሜትር ተመለስን። ትሑቱ ወጣት ጸሓፊ የተሰጠውን ምስክርነት ከመዝገቡ አውጥቶ ለአለቃው አቀረበ፤ አለቃውም መርምሮ አሮጌው መታወቂያ እንዲሻር፥ በልደት ምስክሩ መሠረት አዲስ እንዲሰጥ ፈቀደ። እንግዲህ አንድ ሰው በአንድ ደቂቃ ስንፍና የጻፈው አንድ ቍጥር፥ ለአንድ ቤተ ሰብ የሦስት ሳምንት ጊዜና የአንዲት ጥጃ ዋጋ አስከፈለ።

በታኅሣሥ መጨረሻ ሁለተኛ ጊዜ ስንቀርብ ወረቀቶቹ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ የቀረው ፎቶግራፍና የጣት አሻራ ነበር። እናታችን ጣታቸውን በመስተዋቱ ላይ ቢያደርጉ መሣሪያው አላነብም አለ። ደግመው አደረጉ፤ አሁንም አላነበበም። ከ50 ዓመት በላይ የበግ ጠጉር ሲያከሩ የኖሩ ጣቶች ለስልሰው መስመራቸው ጠፍቷል። ይህ በእርሳቸው ብቻ የደረሰ አይደለም፤ ድንጋይ የሚጠርቡ፥ አፈር የሚቈፍሩና ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች ሁሉ አሻራቸው እየተፋቀ መሣሪያውን ያስቸግራል። እናታችንም እንደ ጥፋተኛ ተሸማቅቀው፥ «ልጄ፥ ጣቴን እንዝርት በላው» አሉ።

በዚያ የነበረው ወጣት ሠራተኛ ግን ከመቀመጫው ተነሥቶ በእርጥብ ጨርቅ ጣታቸውን አንድ በአንድ ጠረገላቸው፤ ጥቂት አሟቀው፤ በእጁም ይዞ በቀስታ አስጫናቸው። በአራተኛው ጊዜ መሣሪያው ተቀበለ። ቀጥሎ የመፈረም ተራ ሲደርስ፥ እንደማይጽፉ ገምቶ ሌላ መላ ሊፈልግላቸው ሲል፥ እናታችን «ብዕሩን ስጠኝ» አሉት። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ፥ እኛን በጀርባቸው አዝለው ማታ ማታ ፊደል ቈጥረዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ የሚጽፉት ነገር አላገኙም፤ ስማቸውን ግን አልረሱም። ፊደሉን አንድ በአንድ፥ እንደ ድርና ማግ እያገናኙ ጻፉ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳያጕረመርም ጠበቀ።

ወደ አገራችን ተመልሰን ፓስፖርቱ እስኪደርስ ስንጠብቅ፥ ጥር 15 ቀን ከጕብታው ላይ ሆነን የእኅታችንን ባል ድምፅ ሰማን። ሴት ልጅ ተወልዳለች፤ እናትና ልጅም ደኅና ናቸው። እናታችን ወደ ናይሮቢ መልካቸውን መልሰው፥ ያ ነፋስ ያደርስ ይመስል፥ ሦስት ጊዜ እልል አሉ። ከዚያ በኋላ ተቀምጠው አለቀሱ። ምጡ ሳይደርስ ከልጃቸው አጠገብ ለመገኘት ነበርና ያን ሁሉ የደከሙት፥ ቀኑ አመለጣቸው። እኛም ልናጽናናቸው ቃል አጣን።

ፓስፖርቱ በእጃችን የገባው በመጋቢት ወር አጋማሽ ነው። ይህ ደብተር በዓለም ሁሉ አንድ ዐይነት መልክ እንዲይዝ የታሰበው፥ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1920 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በፓሪስ በተደረገው የመንግሥታት ጉባኤ ነው፤ የገጹም ቍጥር 32 እንዲሆን ያን ጊዜ ተመክሯል። ዛሬ ደግሞ ከሥዕሉ በታች ባሉት ሁለት ረድፎች የባለቤቱ ስምና የልደት ቀን መኪና በሚያነብበው ፊደል ይጻፋል። እናታችን ደብተሩን ገልጠው፥ «ኅዳር ሚካኤል የት አለ?» ብለው ጠየቁን። 22 የሚለውን ቍጥር በጣታችን አመለከትናቸው። ያን ቍጥር ሳሙና ደብተሩን በመቀነታቸው ቋጠሩ።

የገብስ በሶ፥ የአጥሚት እህልና በእጃቸው ከፈተሉት ጠጉር የተሠራ አንድ ትንሽ ባና ይዘው በመጋቢት 24 ቀን ከአዲስ አበባ ተነሡ። አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ በረረ። በናይሮቢ የአውሮፕላን ጣቢያ የነበረው መኰንን ደብተሩን ገለጠ፤ ፊታቸውን ተመለከተ፤ ማኅተሙን መታና መለሰላቸው። ማታ በስልክ፥ «አንድም ቃል ሳልናገር አሳለፈኝ» አሉን። በዚያ አገር ኢዮቤልዩውን የሚያስታውስ፥ እልልታውን የሰማ፥ ገንፎውን የቀመሰ ማንም አልነበረም፤ ደብተሩ ግን ስለ ሁሉም ተናገረላቸው። ሕፃኒቱም ገና 70ኛ ቀኗን ይዛ ነበር። ለምጡ ያልደረሱት አያት ለክርስትናዋ 10 ቀን ሲቀር ደረሱ፤ ገንፎውንም ያገነፉት እርሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን ተማርን ቢባል፥ ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው በገጠር ለምንኖረው ነው። ዐዋጁ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ልደቱ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ክርስቲያኑ ወንድ ልጁን በ40፥ ሴት ልጁን በ80 ቀን ክርስትና ያስነሣል፤ ሙስሊም ጎረቤታችንም በ7ኛው ቀን ለልጁ ስም ያወጣል። ስለዚህ ልጁን ለበረከት የታቀፈ ወላጅ ሁሉ በዚያው ሳምንት በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በኩል ቢያልፍ፥ 90ው ቀን ሳይሞላ ልጁ በመዝገብ ይገባል። ዛሬ በ2015 ዓ.ም. በወጣው በዐዋጅ ቍጥር 1284 መሠረት ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ስለ ተጀመረ፥ አንድ ጊዜ የተጻፈ ቀን ሰውን በብዙ ቦታ ይከተለዋል፤ የተሳሳተም እንደ ሆነ እንዲሁ ይከተለዋል።

ሁለተኛው ብዕር ለያዘ ሰው ነው። የገጠር ሰው ስለ ዕድሜው ሲጠየቅ ድርቅ፥ ዘውድ ወይም ጐርፍ ቢጠራ፥ የማያውቅ መስሎ አይታይ። ቀኑን በሌላ ቋንቋ እየተናገረ ነውና፥ ጥቂት ታግሦ የጠየቀው ቍጥሩን ያገኘዋል፤ ሽበቱን ዐይቶ የጻፈ ግን ያጠፋዋል። ወረቀቱን የመለሰችብንን ሠራተኛ ዛሬ አንወቅሳትም፤ የእርሷ ሥራ ወረቀቶቹ እንዲስማሙ ማድረግ ነበር። የማንረሳቸው ግን ወንበሩን የለቀቀውን ጸሓፊና ጣት የጠረገውን ወጣት ነው።

የእናታችን የአክስት ልጅ በ2012 ዓ.ም. ዐረፉ። በቀብራቸው ዕለት ከካህኑ አጠገብ ቆመን ሳለን፥ ያ ምስክርነት ሁለት ዓመት ብቻ ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ከእርሳቸው ጋር አብሮ እንደሚቀበር አሰብን። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ከመቃብሩ እንደ ተመለስን፥ በቤታችን ካሉት ልጆች መካከል ያልተመዘገቡትን ሁለቱን ይዘን ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሔድን። የተወለዱበትን ቀን የሚያውቁ እናታቸውም፥ አያታቸውም፥ ጎረቤታቸውም ገና በሕይወት ነበሩ።